ከጋሼ ጋር የቀመስነው ሜርሎ

ጥር 4

ሥራ እንደወትሮው። ጠዋት አንድ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ መጡ። ልጃቸው ናት ጎትታ ያመጣቻቸው። «ጆሮዬ ደኅና ነው፤ እሷ ናት የምታንሾካሹከው» አሉኝ። መስታወት ያላት ጠባቧ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩ፣ ቁልፏን አስያዝኳቸው። ድምፅ ሲሰሙ ይጫኑ። እሳቸው ግን ድምፁን ትተው እኔን ነው የሚያዩት። ከንፈሬ ከተንቀሳቀሰ ይጫናሉ። ጀርባዬን ሰጠኋቸው... ጣታቸው ቆመ።

ልጅቷ አለቀሰች። እሳቸው አላለቀሱም። «መሣሪያሽ ተበላሽቷል» አሉኝ።

ከሥራ ስመለስ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በሬ ላይ ቆሟል፣ ትከሻው ላይ ካርቶን።

«ምንድነው?»

«ሜርሎ፣ ቀይ ወይን። ካቻምና የተለቀመ። ዋና ቀማሽ ከሆንኩ ወዲህ ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ ቡሹ በእኔ እጅ ያለፈ።»

«ታዲያ ቤትህ አታስቀምጠውም?»

«ቤቴ ይሞቃል። ደግሞ እኔ ጋ ካደረ አልታገሥም።»

ጫማዎቼን ሁሉ ከቁም ሣጥኑ ሥር አውጥቶ ጠርሙሶቹን በጎናቸው አስተኛቸው። ጫማዎቼ አሁን አልጋ ሥር ናቸው። ማን ጠየቀኝ?

አንዱን ከፈተ። ቀመስኩ። ድዴን ያዘው፣ ምላሴ ደረቀ፣ ፊቴ ተኮማተረ መሰለኝ፤ ጋሼ ከት ብሎ ሳቀ። «ገና ጥሬ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ በአንዱ እሁድ፣ አንድ አንድ እንከፍታለን።»

«እስኪበስል ዝም ብለን ብንተወውስ?»

«ሲያድግ ካላየሽው ማደጉን በምን ታውቂያለሽ ጩጬ?»

ይህን ብሎ ብርጭቆ ሊያጥብ ሄደ።

ጥር 5

የትናንቱ ንግግሩ ከራሴ አልወጣ አለ። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ማንበብ እየተማርኩ ነበር፤ እሱ ወይን ፋብሪካው ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ሆኖ የገባ ሰሞን። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን እሱ ነበር የሚሠራኝ። አንዱ ጉንጉን ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ምድር። አስተማሪዋ «ማነው የሠራሽ?» ስትለኝ «ጋሼ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

አፍንጫው... አንዴ ከጓደኞቼ ጋር ሲጋራ ሞክሬ፣ ጥርሴን ፍቄ፣ ሎሚ በልቼ፣ እጄን በሳሙና ፈትጌ ገባሁ። ገና ከበሩ ቀና ሳይል «ባለ ቀዩ ፓኬት ነው ባለ ሰማያዊው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ አልነካሁም። ጠርሙስ አጣቢውንም አንዱ አለቃ እንዲሁ ነው ያገኘው። ጋሼ በአጠገቡ ሲያልፍ «ያኛው በርሜል ታሟል» ሲል ሰምቶ።

ባይቀጥሩት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እኔስ?

ጥር 12

ዓመት ሞላ። ሁለተኛው ጠርሙስ።

ዛሬም ይይዛል፤ ግን እንደ አምና አይናከስም። ጋሼ ብርጭቆውን ያሽከረክራል፣ አፍንጫውን ይከታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። «ፕሪም። ጥቁር እንጆሪ። ከኋላ ደግሞ ቸኮሌት አለ፣ ታገሺው።»

«እኔ የሚሸተኝ ወይን ነው።»

«አፍንጫሽ ሰነፍ ነው። ጆሮ ስትመረምሪ ውለሽ አፍንጫሽን ረሳሽው።»

ጥሩ ጥሩውን ብቻ አላስተማረኝም። ቡሽ አንዳንዴ ይታመማል አለ፤ ያኔ ወይኑ ዝናብ የመታው ካርቶን ይሸታል፣ የሻገተ ምድር ቤት ይሸታል። «እሱን አፍሽ ውስጥ እንዳታስገቢ። ውድም ይሁን የንጉሥ ይሁን፣ ድፊው።»

ጥር 10

ሦስተኛው።

ምን ልበል... ጣፈጠኝ። ወይን ጣፍጦኝ አያውቅም ነበር፤ ለእሱ ብዬ ነበር የምጠጣው። ዛሬ ግን ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ አንድ ነገር መጣ። አፈርኩ፣ ግን ተናገርኩት።

«ዝናብ ካባራ በኋላ... ዛፍ ሥር የተኛ ቅጠል።»

ጋሼ ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ። ዲፕሎማዬን የያዝኩ ቀን እንዲህ አይቶኛል። «ሜርሎ ዕድሜ ሲያገኝ ፍሬው ወደ ኋላ ይልና መሬቱ ይመጣል» አለ። «እኔ ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ፈጀብኝ።»

ስለ ሥራው ብዙ አወራ። አዲስ የላቦራቶሪ ባለሙያ ቀጥረዋል። ሴት ናት፣ አትፈራም፣ ትከራከረዋለች። «አለቃ፣ ተሳስተሃል አለችኝ» ሲል ደስ ብሎታል እንጂ አልከፋውም።

ሚያዝያ 20

ጋሼ ታሟል። ጉንፋን ነው ብሎ ነበር፤ ጉንፋን እንዲህ አያደርግም። እኔ ቤት አምጥቼ አልጋዬን ለቀቅኩለት። እኔ ሶፋ ላይ።

ሚያዝያ 29

ትኩሳቱ ለቀቀው። ሾርባ ስሠራ ስልክ ይዞኝ አረረብኝ። ሌላ ሳልሠራ ተነሥቶ መጥቶ ጠጣው። «ጥሩ ነው» አለ። ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ። ድሮ ቢሆን ከበሩ ይመለስ ነበር... ሕመም ሰውን ትሑት ያደርጋል ማለት ነው?

ግንቦት 8

ወደ ሥራው ተመለሰ። አልጋዬም ተመለሰልኝ። ቤቱ ጭር አለ።

ጥር 15

እንዴት ልጻፈው።

አራተኛው ጠርሙስ። ጋሼ ከፈተ፣ ቀዳ። ብርጭቆዬን አንሥቼ ሳስጠጋ... እርጥብ ካርቶን። ውሃ የገባበት ምድር ቤት። ጥርጥር የለውም፤ የእኔ ሰነፍ አፍንጫ እንኳ ከሩቅ ያዘው። እሺ፣ አሁን ይደፋዋል ብዬ ጠበቅኩ።

አልደፋውም። ብርጭቆውን እያሽከረከረ ቀና አለና ፊቴን አየ።

ፊቴን መቆጣጠር ሥራዬ ነው። ለምን ያኔ ተቆጣጠርኩት? አላውቅም። ልማድ ይሆናል። ከፊቴ ምንም ሲያጣ አፍንጫውን ከተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ብዙ ቆየ። «ፕሪሙ አሁንም አለ» አለ። «ትንሽ ቆዳ... ትንሽ ትምባሆ። በደንብ እየበሰለ ነው።» ጠጣ።

እኔም ጠጣሁ። ጨመረልኝ። እሱንም ጠጣሁ።

ሲሄድ አቀፈኝ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ገንዳ ውስጥ ደፍቼ ውሃ ለቀቅኩበት፣ መስኮት ከፈትኩ።

ጥር 16

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ቁልፍ ሲጫኑና ሲተዉ አዳመጥኩ። ሰዎች እንዴት እንደሚደብቁ አውቃለሁ። ራስ ይነቀንቃሉ። ሰው ሲስቅ ጠብቀው ይስቃሉ። ወሬውን እነሱ ይይዙታል፣ እንዳይጠየቁ። ይህን ሁሉ ለቤተሰብ የማስረዳው እኔ ነኝ። «አትቆጧቸው፣ አፍረው ነው» እላለሁ። አፌ ላይ ስንት ጊዜ ተመላልሷል።

የራሴን ወንድም ግን ከሚያዝያ እስከ ጥር አላየሁትም።

የካቲት 2

ጋሼ ቤት ሄድኩ። የጋዝ ምድጃው የለም። በቦታው የኤሌክትሪክ።

«ጋዙስ?»

«ይኼኛው ይፈጥናል።»

ጋዝ ቢያፈስ አይሸተውም። ለካ ያውቃል። ብቻውን አስቦ፣ ብቻውን ገዝቶ፣ ብቻውን ተክሎታል። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ምን ልለው? ለስንት ሰው እናት አባት የምናገረውን ለአንድ ሰው መናገር አቃተኝ።

መጋቢት 19

ዛሬም ሳልናገር ዋልኩ።

ሰኔ 11

ተናገርኩ።

ጋሼ በሥራ ቀን መምጣት አያዘወትርም፤ ዛሬ ግን ገና ጀምበር ሳትጠልቅ መጣ። ብርቱካን ይዟል። ተቀምጦ ይልጥ ጀመር፤ ይልጣል፣ አይበላም። ፋብሪካው ውስጥ ችግር አለ አለ። ሆቴሎች ወይን መልሰዋል፣ ብዙ። በርሜሎቹ ሻግተው ኖሯል፤ ሽታው ወይኑ ውስጥ ገብቷል።

«ሳይቀመስ ነው እንዴ የታሸገው?»

«ተቀምሷል። የላቦራቶሪዋ በመሣሪያ ለካች፣ እኔ በአፌ። ሁለታችንም ፈርመናል።» ልጣጩን በእጁ ጠቀለለው። «ሥራ አስኪያጁ ናሙናውን ቀይራለች ነው የሚለው። አንተ የቀመስከው ሌላ ነው፣ እንዲህ ያለ ሽታ አንተን ሊያመልጥህ አይችልም አለኝ። እሷን ከሥራ አግደዋታል።»

«አንተ ምን አልክ?»

የጠቀለለውን ልጣጭ ፈታው። «እንደገና ቅመሰው አለቃ፣ ይሸታል፣ ብላኝ ነበር። ምንም የለውም አልኳት።»

ያን ሁሉ ወር ስፈራው የነበረው ነገር እንዲሁ ከአፌ ወጣ። «ጋሼ፣ ማሽተት ካቃተህ ስንት ጊዜህ ነው?»

ብርቱካኑን አስቀመጠ። «ማን ነገረሽ?»

«በጥር የከፈትነው ጠርሙስ ቡሹ አበላሽቶት ነበር።»

«ጠጣሽው እኮ።»

«ጠጣሁት።»

«ለምን?»

«አንተ ስለጠጣኸው።»

ተነሣ። ኮቱን ሲለብስ እጅጌው ጠፍቶት ሁለት ጊዜ ሳተ። «እንደ በሽተኞችሽ መረመርሽኝ ማለት ነው» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ ልጆች አሏት አይደል?»

«አውቃለሁ» ብሎ በሩን ዘጋው። ቀስ ብሎ።

ሰኔ 25

ስልክ አያነሣም።

ሐምሌ 14

ሄድኩ። መብራት አለ፣ አልከፈተም። በሩ ሥር ጥላው ይታየኛል። ቆሜ ቆየሁ፤ እሱም በዚያ በኩል ቆሟል። ሁለት ሞኞች በአንድ ሳንቃ።

እኔስ በእሱ ቦታ ብሆን? ሰው ሁሉ «አፍንጫው» ነው የሚለው። ጋሼ ሳይሆን አፍንጫው። ጠርሙስ ከማጠብ ያወጣው፣ እኔን ያስተማረው፣ የቤት ኪራያችንን የከፈለው እሱ ነው። ጠፋብኝ ቢል ምን ይቀረዋል? የሚቀር ነገር እንዳለ እኔ አውቃለሁ። እሱ ግን ለራሱ በምን ይወቅ?

ደግሞ እሷን አስባለሁ። አይቻት አላውቅም። ትክክል ተናግራ ቤቷ የተቀመጠች ሴት።

ነሐሴ 6

ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ እኔ ልንገረው? ፋብሪካው በር ድረስ ደረስኩ። ዘበኛው «ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?» አለኝ። «ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስኩ። እኔ ከተናገርኩት እሱ መቼም አይናገረውም። እንዲህ ብዬ አሳመንኩ ራሴን። እውነት ይሁን ፍርሃት... እንጃ።

መስከረም 23

ምንም። ባቡር ነጂው የጆሮ መስሚያቸውን ሊያስጠግኑ መጡ። የልጅ ልጃቸው ወንበር ላይ ሲያስቀምጠው ተቀምጠውበት ሰበሩት። መሣሪያዬ ተበላሽቷል ያሉኝን ረስተዋል። «ሚስቴ ይህን ያህል እንደምታወራ አላውቅም ነበር» አሉ። ሳቅኩላቸው።

ጥቅምት 17

ከሰዓት። የመጨረሻውን ተራ ስጠራ ከአግዳሚው ወንበር የተነሣው ጋሼ ነው። ከሰው ጋር ተሰልፎ፣ ቁጥር ይዞ።

«ተራዬ ነው» አለ።

ሌላ ቦታ አልነበረኝም፤ ጠባቧ ክፍል አስገባሁት። በሩ ሲዘጋ የውጭ ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። የበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም።

«ነገርኳቸው» አለ።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። እሷንም አስጠርቼ፣ ፊቷ ነው የነገርኳቸው።»

«ሥራ አስኪያጁ ምን አለ?»

«መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ መሰለው። ከዚያ በሩን ዘጋና ዝቅ ባለ ድምፅ ‹ለማንም አትናገር፣ እሷን በሌላ ምክንያት እናሰናብታታለን፣ አንተ እረፍት ውጣ› አለኝ።» ጉልበቱን አሻሸ። «እዚያው ተቀምጣለች እኮ። ወንበሩ ላይ። እንደሌለች ሰው።»

«እሺ...»

«እኔ ከእሷ ጋር እወጣለሁ አልኩት። ለጠየቀኝ ሆቴል ሁሉ ስልክ ደውዬ እኔ ነኝ ያበላሸሁት እላለሁ አልኩት። ያኔ ነው የተቀመጠው።»

ነገ ሥራዋ ላይ ትገባለች። ከእንግዲህ የምትቀምሰውም እሷ ናት። ለጋሼ መጋዘን እንስጥህ ብለውት ነበር፤ አልፈልግም አለ። «ወይኑ እርሻ ላይ ሰው ይጎድላቸዋል። ግንድ መግረዝ እጅ እንጂ አፍንጫ አይፈልግም።»

«እሷስ? ምን አለችህ?»

«በሩ ላይ ስንደርስ ‹አራት ወር› አለችኝ። በቃ። አራት ወር። ምን እመልሳለሁ?»

አለቀሰ። ጋሼ ሲያለቅስ እናታችን ስትሞት እንኳ አላየሁም፤ እኔ ሳልኖር አልቅሶ ይሆናል። እጁን ያዝኩ። ያቺ ክፍል ድምፅ አታስወጣም፤ ደግ ነገር ነው።

ሲረጋጋ፦ «እስቲ ጆሮዬንም እይልኝ» አለ። «ቢያንስ እሱን እንወቅ።»

አየሁለት። ጆሮው ደኅና ነው።

ኅዳር 9

ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ነርቩ ነው አለ ሐኪሙ፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ሎሚና ቅርንፉድ ጠዋት ማታ እያሸተተ እንዲለማመድ አዘዘው። ጋሼ በቁም ነገር ይዞታል። «ዛሬስ?» ስለው «ሎሚው ቢጫ ነው» ይለኛል።

ጥር 20

ዛሬ እሁድ ነበር። አልከፈትንም። «ምን ያደርግልኛል?» አለ። አልተከራከርኩትም።

ሐምሌ 3

እርሻው ሄጄ አየሁት። ፀሐይ አክስሎታል። መቀስ ይዞ ከግንድ ግንድ ይሄዳል፤ አብረውት ያሉት ሴቶች ይቀልዱበታል፣ ይቀልድባቸዋል። የሚያስቀረውንና የሚቆርጠውን ቅርንጫፍ አሳየኝ። ስለ ሽታ አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ያ ዝምታ ግን የድሮው አይደለም... ከእኔ ጋር ሆኖ ዝም ማለት ነው።

ሎሚና ቅርንፉዱን ትቷል። «ሰለቸኝ» አለ። እኔም ሌላ አዲስ ነገር አላመጣሁበትም።

ጥር 11

ዛሬ ጋሼ እንግዳ ይዞ መጣ። የላቦራቶሪዋን ሴት።

ራሱ ነው የጠራት። አንዴ እንቢ ብላው፣ ደግሞ ጠርቷት። አጭር ናት፣ መነጽር ታደርጋለች፣ እጇ ሲጨብጥ የወንድ ነው። ሶፋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ልትሄድ እንደተነሣች ሰው። ይቅር ብላዋለች? አይመስለኝም። መጥታለች ግን።

«ይኼ ነው የምትኮራበት?» አለችው።

«እሱ ነው።»

ጋሼ ከፈተ። እጁ በእሾህና በሽቦ ተቧጭሯል፤ ጠርሙሱን ግን ድሮ እንደሚይዘው ነው የያዘው። መጀመሪያ ለእሷ ቀዳ። አሸተተች። ለእኔ ሰጠችኝ። ጤነኛ ነው።

«ደረቅ ቅጠል» አልኩ። «እንጉዳይም አለበት።»

«ትምባሆ ነው» አለች።

«ቅጠል ነው።»

«ትምባሆስ ቅጠል አይደል እንዴ?»

ጋሼ ሳቀ። ተራ በተራ ያየናል፤ ብርጭቆውን አላነሣም። «ፍሬውስ?» አለ። «ፍሬ የቀረው አለ?»

ሴትዮዋ እንደገና አሸተተች። አልቸኮለችም። «ትንሽ። ዘቢብ የሆነ። ልንገርህ አለቃ? ጫፍ ላይ ደርሶ መውረድ ጀምሯል። ከዚህ ወዲያ ካስቀመጣችሁት እየሞተ ነው የምትጠብቁት።»

ጋሼ ይከፋው ይሆን ብዬ አየሁት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ። ከዚያ ጠጣ። አፉ ውስጥ ያዘው፣ አንከባለለው፣ ዋጠ።

«ድዴን አልያዘውም» አለ። «ድሮ ይናከስ ነበር፣ አሁን እንደ ሐር ነው። ትንሽ ይጎመዝዛል፣ ደስ የሚል። ጉሮሮዬ ላይ ይሞቃል።» ቆም አለ። «ሌላውን አላውቅም። አይታየኝም።»

እሷ ወደ ሶፋው ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሐር ያልከው ትክክል ነው» አለች። «እኔ ለስላሳ ብዬ ነበር የምጽፈው።»

ሁለተኛ ጠርሙስ እኔ ከፈትኩ። ቡሹ ተሰበረብኝ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ፣ በወንፊት አጥልለን ጠጣን። ስለ ልጆቿ አወራች። አራቱን ወር በምን እንዳለፈችም አወራች፤ ጋሼ ዓይኑን ሳይሰብር ሰማት። ሲመሽ ተነሡ፤ ለእሷ አንድ ጠርሙስ ሰጣት፣ አልተግደረደረችም።

እስከ ታች ልሸኛቸው ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ጋሼ ደረጃው መሐል ቆመ። በአንዱ በር ውስጥ ድስት ይንኳኳል፣ ሰው ይጯጯሃል።

«ምን ይሸታል?» አለ።

እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ከሕመሙ ወዲህ አንድም ቀን።

«ሽንኩርት አሳርረዋል» አልኩት።

«በጣም?»

«በጣም።»

«ቲማቲም ጨምረውበት ሊያድኑት እየሞከሩ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ አፍንጫዋን ወደ በሩ አስግጋ።

ጋሼ ትንሽ አሰበ። «አይድንም» አለ። «ቢደፉት ይሻላል።» የደረጃውን ብረት ይዞ መውረዱን ቀጠለ፤ እኛም ከኋላው።